ከ52 መጻሕፍት ወደ ደቂቃ፦ የ2017 ዓ.ም. የንባብ ዕቅዴ የሥራ ማስታወሻ

መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

የዘንድሮ ዕቅዴ 52 መጻሕፍት ማንበብ ነው። ዓመቱ ዘመነ ማቴዎስ ስለሆነ ጳጉሜን 5 ቀን ብቻ ናት፤ ስለዚህ 365 ቀን ለ52 ሲካፈል ለእያንዳንዱ መጽሐፍ 7 ቀን ይደርሰውና አንድ ቀን ይተርፋል። ስልኬ ላይ የጫንኩት የንባብ መከታተያ መተግበሪያ ዓመቱን ከፈረንጆች ጥር ጀምሮ ስለሚቆጥር ትቼው ወደ ደብተርና ወደ ኤክሴል ተመልሻለሁ።

ከመጀመሬ በፊት ፍጥነቴን ለካሁ። ሰዓት ቆጣሪውን 30 ደቂቃ ላይ አድርጌ በሦስት የተለያዩ ቀናት ስሞክር 14፣ 16 እና 15 ገጽ ስላነበብኩ አማካዩን በሰዓት 30 ገጽ ብዬ መዘገብኩ። የአንድ መጽሐፍ አማካይ ርዝመት 220 ገጽ ቢሆን ለአንዱ 7 ሰዓት ከ20 ደቂቃ፣ በቀን ደግሞ 1 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ያህል ያስፈልገኛል ማለት ነው። የሒሳብ ሠራተኛ በመሆኔ ሰንጠረዥ ማዘጋጀት አልከበደኝም፤ ርዕስ፣ የገጽ ብዛት፣ የተጀመረበትና ያለቀበት ቀን፣ ዋጋ፣ የፈጀው ደቂቃ የሚሉ ዓምዶች አወጣሁ። በጀቱ በወር 1,000 ብር ነው።

መስከረም 30

አራት መጻሕፍት አልቀዋል። የገጻቸው ብዛት 96፣ 148፣ 132 እና 170 ነው። በቁጥር ሲታይ ዕቅዱ በመስመሩ ላይ ነው፤ በወጪ ግን ገና በመጀመሪያው ወር ከበጀት በላይ ሄጃለሁ። አንዱ መጽሐፍ ቤት የነበረ ሲሆን ሦስቱን በ650፣ በ480 እና በ350 ብር፣ በድምሩ በ1,480 ብር ገዝቻቸዋለሁ። ባለፈው ሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ወረቀቱም የማተሚያ ቀለሙም ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ፣ አዲስ የታተመ መጽሐፍ ዋጋ ከዓመት በፊት ከማስታውሰው ጋር አይገናኝም። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ መጀመሪያ የምጠይቀው በብሔራዊ ቴአትርና በለገሃር አካባቢ ያሉትን የአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ይሆናል። እነሱ ዘንድ ግን ዝርዝር ይዞ መሄድ ከንቱ መሆኑን ከወዲሁ ተምሬአለሁ፤ ያለውን አይቶ መምረጥ እንጂ የፈለጉትን ማግኘት የዕድል ጉዳይ ነው።

ጥቅምት 19

ችግሩ መብራት ነው። የማነበው ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ ሲሆን በዚህ ወር ስድስት ምሽት መብራት ጠፍቶብኛል። በስልክ ባትሪ ሞከርኩ፤ ብርሃኑ ገጹ ላይ አንድ ነጭ ክብ ሠርቶ ዳር ዳሩን ስለሚያጨልም በ20 ደቂቃ ውስጥ ዓይኔ ይደክማል፣ አንድ እጄም ሁልጊዜ ስልክ እንደያዘ ነው። በሻማ ማንበብ ደግሞ ለአሮጌ ወረቀት እሳት ማስጠጋት ስለሆነ ከአንድ ምሽት በላይ አልደፈርኩትም። በ1,350 ብር አንገቱ የሚታጠፍ ቻርጅ የሚደረግ የጠረጴዛ መብራት ገዛሁ። በሙሉ ኃይሉ ሦስት ሰዓት ያህል፣ በመካከለኛው ደግሞ ከአምስት ሰዓት በላይ ይቆያል፤ ለማንበብ መካከለኛው በቂ ነው።

ኅዳር 24

የጠዋቱንና የማታውን የታክሲ ጉዞ ለንባብ ለማዋል ያወጣሁት ዕቅድ አልሠራም። መንገዱ በግንባታ ምክንያት ከተቀየረ ወዲህ ጉዞው በአንድ ጎን 50 ደቂቃ ስለሚፈጅ በወረቀት ላይ ትልቅ ጊዜ ይመስላል፤ በተግባር ግን ሚኒባስ ውስጥ ሳነብ ያቅለሸልሸኛል። ሰልፍ ላይ ቆሞ ማንበብ ይቻላል፤ ይሁንና ሰልፉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር መስመር ስለሚጠፋኝ ፍጥነቴ በሰዓት ወደ 18 ገጽ ይወርዳል።

በስልክ ማንበብንም ሞክሬአለሁ። ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፉት ስካን የተደረጉ ቅጂዎች ገጻቸው የተጣመመ፣ አንዳንዴም የተዘለለ ነው፤ ከዚያ በላይ ግን ደራሲው ከሽያጩ የሚያገኘውን እየቀማሁ በዓመቱ መጨረሻ «ይህን ያህል አነበብኩ» ማለት ስላልመሰለኝ ሁሉንም ሰረዝኳቸው። በሰንጠረዡም አልመዘገብኳቸውም።

ታኅሣሥ 30

ከዓመቱ 120 ቀን አልፏል። 15 መጻሕፍት ጨርሻለሁ፤ በዕቅዱ 17 መሆን ነበረባቸው። የሁለት መጽሐፍ ጉድለት ብዙም ባያሳስበኝም ዛሬ ማታ ሰንጠረዡን በገጽ ብዛት ቅደም ተከተል ሳስቀምጠው ያየሁት አላስደሰተኝም። አማካዩ 131 ገጽ ነው። ከ200 ገጽ በላይ ያላቸው ሁለት ብቻ ናቸው። መጽሐፍ ሻጩ ፊት ቆሜ ርዕሱን ከማንበቤ በፊት የጥራዙን ውፍረት በአውራ ጣቴ እለካ እንደነበር አሁን ትዝ አለኝ። «በሳምንት አንድ» የሚለው መለኪያ ሳላውቀው የመጽሐፍ ምርጫዬን ይዞት ነበር ማለት ነው፤ ስንት ዓመት እደርስበታለሁ ስል የኖርኩት ወፍራሙ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከመደርደሪያው ያልተነሣውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ቀጭን የተባለው ራሱ ቀጭን ሆኖ አልተገኘም። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሆነውን፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመውን የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን «ልብ ወለድ ታሪክ» በሁለት ምሽት እጨርሰዋለሁ ብዬ ነበር የያዝኩት። ዐረፍተ ነገሩ ረጅም፣ ቃላቱ ከዛሬው አነጋገር የራቁ በመሆናቸው ፍጥነቴ በሰዓት 13 ገጽ ሆኖ አንድ ሳምንት ሙሉ ወሰደብኝ። በሰንጠረዡ ላይ ግን ከአውቶቡስ ማቆሚያ ገዝቼ በአንድ ቅዳሜ ከጨረስኩት ቀላል ልብ ወለድ ጋር እኩል «1» ተብሎ ተቆጥሯል።

ለማንኛውም ብዬ ያስገባሁት የደቂቃ ዓምድ የተሻለ መረጃ ሰጠኝ። 1,965 ገጽ ለማንበብ 4,535 ደቂቃ ፈጅቶብኛል፤ ይህም በሰዓት 26 ገጽ፣ በቀን ደግሞ 38 ደቂቃ ያህል ነው። በቀን 1 ሰዓት ከ3 ደቂቃ የሚለው ዕቅድ አንድም ወር ተሟልቶ አያውቅም፤ ጉድለቱን የሸፈኑልኝ ቀጫጭኖቹ መጻሕፍት ናቸው።

ጥር 1

መለኪያውን ቀይሬአለሁ። የመጽሐፍ ቁጥር የሚለው ረድፍ ከሰንጠረዡ አናት ወርዶ ግርጌ ገብቷል፤ ዒላማው በቀን 45 ደቂቃ ነው። በቀሩት 245 ቀናት 11,025 ደቂቃ ይሆናል። በሥራ ቦታችን ከዓመት መሐል የመለኪያ ለውጥ ሲደረግ ምን ያህል እንደምናጉረመርም ስለማውቅ የድሮዎቹን አራት ወራት አልነካኋቸውም፤ አዲሱን ሰንጠረዥ በሌላ ገጽ ጀምሬአለሁ።

ጥር 3 ቀን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እጀምራለሁ።

ጥር 16

110 ገጽ ካነበብኩ በኋላ ከመጀመሪያው ገጽ እንደገና ለመጀመር ተገድጃለሁ።

አብረን የምንኖረው አባቴ በሁለቱም ዓይናቸው ሞራ ግርዶሽ ስለያዛቸው ጋዜጣ ማንበብ ካቆሙ ዓመት አልፏቸዋል፤ የቀዶ ሕክምና ተራ እየጠበቁ ናቸው። ከጥምቀት ማግስት አንድ ማታ ምን እንደማነብ ጠየቁኝና ስነግራቸው «ታዲያ ለብቻሽ በሆድሽ ታነቢዋለሽ? ድምፅሽን አውጪው እንጂ» አሉኝ። ከደረስኩበት ልቀጥል ብል እምቢ አሉ፤ መነሻው ማንኩሳ ነው፣ ከማንኩሳ እንጀምር አሉ።

በመጽሐፍ ቁጥር ቢሆን ኖሮ እነዚያ 11 ቀናት ኪሳራ ነበሩ። በደቂቃ ግን ሁለቱም ተመዝግበዋል።

ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ሌላ ሥራ መሆኑን በመጀመሪያው ምሽት ተረዳሁ። ፍጥነቴ በሰዓት 17 ገጽ ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ዓይን ዝም ብሎ የሚያልፈውን ቃል አፍ መወሰን አለበት፤ «ይመታል» የሚለው መምታቱን ይሁን መመታቱን፣ «ገና» የሚለው በዓሉን ይሁን ያልደረሰውን ጊዜ የሚነግረኝ ከቃሉ ቀጥሎ ያለው ነው። እኔ ደግሞ ቃሉ ላይ ስደርስ ቀጣዩን ገና አላየሁትም። በአንድ ምሽት ዘጠኝ ጊዜ ተሳስቼ ዘጠኙንም ጊዜ ታርሜአለሁ። የአባቴ መለኪያ ደግሞ ከባድ ነው፤ ይህን መጽሐፍ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰሙ ሰው በመሆናቸው በየሁለት ገጹ «ወጋየሁ እንዲህ አላነበበውም» ይላሉ።

መፍትሔ ያልኩት ጠዋት ከሥራ በፊት የማታውን 10 ገጽ በዓይኔ ቀድሜ ማየትና የሚጠብቀው ፊደል ላይ በስስ እርሳስ ነጥብ ማድረግ ነው። ጠዋት 15 ደቂቃ ይወስዳል፤ ስሕተቱ ግን በምሽት ወደ ሁለትና ሦስት ወርዷል።

የካቲት 12

ሦስት ነገሮች ተበላሽተዋል።

አንደኛው ድምፄ ነው። 45 ደቂቃ ያለማቋረጥ ሳነብ ጉሮሮዬ ይደርቅና በማግስቱ ሥራ ቦታ ይጎረንናል። ጊዜውን 25 እና 20 ደቂቃ ብዬ ከፍዬ በመሐሉ ሻይ አስገብቻለሁ። የሐዲስ ዓለማየሁ ዐረፍተ ነገር አንዳንዴ ከግማሽ ገጽ ስለሚያልፍ ትንፋሽ የሚወሰድበትን ቦታም ጠዋት ላይ ነጠላ ሰረዙንና ድርብ ሰረዙን እያየሁ እወስናለሁ፤ ይህን ሳላደርግ የገባሁበት አንቀጽ ሁሉ መጨረሻው ላይ ድምፅ ያጥርበታል።

ሁለተኛው መጽሐፉ ራሱ ነው። ቅጂዬ አሮጌ በመሆኑ የጥራዙ ጀርባ ተሰንጥቆ ከመሐሉ አንድ እፍኝ ቅጠል ወጣ። በሱፐር ግሉ አጣበቅሁት። ይህ ስሕተት ነበር፤ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ስለሚሆን መጽሐፉን ስከፍተው ተሰብሮ አጠገቡ ያሉትን ገጾች ይዞ ወጣ። የደረቀውን በምላጭ ጠርጌ፣ የቅጠሎቹን ጠርዝ አስተካክዬ፣ በ120 ብር የገዛሁትን ነጭ የእንጨት ኮላ በቀጭን ብሩሽ ቀብቼ፣ በሁለት ጣውላ መሐል አድርጌ የወፍጮ ድንጋይ ጫንኩበት። አንድ ሌሊት በቂ አይደለም፤ ሁለት ሌሊት ሲቆይ ግን ኮላው እየታጠፈ የሚመለስ ሆኖ ደርቋል።

ሦስተኛው ቀረጻው ነው። አባቴ ቀን ቀን ብቻቸውን ስለሚሆኑ ያነበብኩትን በስልክ እየቀረጽኩ እንዲሰሙት አሰብኩ። ያለማመቅ በስቴሪዮ ስለቀረጽኩት አንድ ሰዓት 635 ሜጋባይት ወሰደና በአራተኛው ቀን የስልኩ ማከማቻ ሞላ። ወደ ሞኖ፣ 64 ኪሎቢት በሰከንድ ስቀይረው አንድ ሰዓት 29 ሜጋባይት ብቻ ሆነ፤ ለንግግር በጆሮዬ የሚለይ ጉድለት አላገኘሁበትም። ማስተጋባቱን ለመቀነስ የልብስ ቁም ሣጥኑን ከፍቼ ፊቴን ወደ ልብሶቹ አድርጌ ማንበብ ከሞከርኳቸው ሁሉ የተሻለው ነው፤ የጎረቤት ዶሮ ግን በሁሉም ፋይል ውስጥ አለ። ቀረጻው ከቤታችን አይወጣም።

መጋቢት 5

«ፍቅር እስከ መቃብር» አልቋል። ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ከገባ በኋላ አባቴ ከቅዳሴ ሲመለሱ ስለሚደክማቸው ንባቡን ወደ ማታ 1 ሰዓት አምጥተነው ነበር። ጉዱ ካሳ የሚናገርበትን ክፍል ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ አንብቤአለሁ፤ በጥያቄ እንጂ በፈቃዴ አይደለም። በመጀመሪያ በሆዴ ሳነበው እነዚያን ክፍሎች ታሪኩ ቶሎ ይቀጥል እያልኩ ነበር የዘለልኳቸው።

ሚያዝያ 22

ከፋሲካ ማግስት «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ»ን ጀምረናል። ይህን የመረጥኩት መንግሥቱ ለማ የአባቱን ትረካ በመቅረጸ ድምፅ ቀድቶ ወደ ጽሑፍ የመለሰው በመሆኑ ድምፅ አውጥቶ ለማንበብ የሚቀል መስሎኝ ነበር። በከፊል ትክክል ነበርኩ፤ ዐረፍተ ነገሩ ከአፍ የወጣ ስለሆነ ትንፋሽ የሚወሰድበትን ቦታ ራሱ ያሳያል። ፍጥነቴ ግን በሰዓት 12 ገጽ ነው፤ በልጅነታቸው ዳዊት የደገሙት አባቴ የቅኔ ቤቱ ነገር በመጣ ቁጥር አስቁመው የራሳቸውን ያስገባሉ። ሰዓት ቆጣሪውን በእነዚህ ጊዜያት ላቁም አላቁም ብዬ አንድ ሳምንት አመነታሁ። አላቆምኩትም።

ያልገቡንን ቃላት በትንሽ ደብተር ይዤ ቅዳሜ ጠዋት ቤተ መጻሕፍት ሄድኩና የደስታ ተክለ ወልድን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» አስወጣሁ። 40 ደቂቃ አገላብጬ ያገኘሁት ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ በሀለሐመ ተራ ነበር የምፈልገው። መዝገበ ቃላቱ የተደረደረው በአበገደ ነው። ቤት መጥቼ ስናገር አባቴ ሳቁና አበገደን ከላይ እስከ ታች በቃላቸው ወጡት፤ በወረቀት ጽፌ የደብተሩ ሽፋን ውስጥ ለጥፌዋለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ በአንድ ሰዓት 19 ቃል አወጣሁ።

ግንቦት 27

ለብቻዬ የማነበው ንባብም ተለውጧል። ከጥር ወዲህ በሆዴ የጨረስኳቸው አምስት መጻሕፍት አንዳቸውም ከ200 ገጽ አያንሱም። ከመካከላቸው በአስቸጋሪነቱ የሚታወቀው የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» አንዱ ሲሆን፣ ተስፋ ቆርጬ ባስቀመጥኩት በሦስተኛው ቀን ምልልሱን ድምፄን ዝቅ አድርጌ ማንበብ ስጀምር ማን ምን እንደሚናገር ተለይቶ ተሰማኝ። ይህ ዘዴ በትረካ ክፍሎቹ ላይ አልረዳኝም።

ሐምሌ 3

ሰኔ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ለ11 ተከታታይ ቀናት የደቂቃው ዓምድ ዜሮ ነው። የቀረውን በቀን 90 ደቂቃ አድርጌ ላካክስ ሞክሬ በሦስተኛው ቀን መጽሐፍ ደረቴ ላይ ይዤ እንቅልፍ ስለወሰደኝ ጉድለቱን እንዳለ ትቼዋለሁ።

አባቴ «ኦሮማይ»ን ጠይቀዋል። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ሲሰበሰብ እሳቸው ከአንድ የሥራ ባልደረባ ለአንድ ሌሊት ብቻ ተውሰው ግማሹን እንዳነበቡ መልሰውታል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ታትሞ እንደልብ ሲገኝ ለምን እንዳልጨረሱት ስጠይቃቸው አጥጋቢ መልስ አላገኘሁም። ፍጥነቱ በሰዓት 18 ገጽ ነው፤ እስካሁን ካነበብነው ሁሉ ለአፍ የሚቀለው ይህ ነው።

ሐምሌ 20

የአንደኛው ዓይን ቀዶ ሕክምና ሐምሌ 15 ተደረገ። ዓይናቸውን እንዳያሹ፣ ውኃ እንዳያስገቡ፣ እንዳያጎነብሱ ታዝዘዋል፤ ጠብታው በቀን አራት ጊዜ ነው። ለመነጽር ከአንድ ወር በኋላ ይመለሳሉ። እንግዳ ስለሚበዛ ንባቡ ቆሟል፤ ዕልባቱ እሳቸው ከ42 ዓመት በፊት ካቆሙበት ቦታ ሦስት ምዕራፍ ያህል ወደፊት ነው።

ጳጉሜን 5

የዓመቱ ሒሳብ ተዘግቷል። ከጥር 1 ጀምሮ 9,840 ደቂቃ ተመዝግቧል፤ ከዒላማው 1,185 ደቂቃ ይጎድላል፤ በቀን አማካዩ 40 ደቂቃ ነው። ከመጀመሪያዎቹ አራት ወራት በሁለት ደቂቃ ብቻ መብለጡን ሳይ ተገርሜአለሁ፤ የተለወጠው የምቀመጥበት ጊዜ ርዝመት አልነበረም። መጻሕፍቱ በጠቅላላው 27 ናቸው፤ 17 የተገዙ፣ 6 ቤት የነበሩ፣ 4 የተዋስኳቸው። ከጥር ወዲህ በሆዴ የጨረስኳቸው ዘጠኙ በአማካይ 277 ገጽ አላቸው።

ወጪው ለመጻሕፍት 9,870፣ ለመብራት 1,350፣ ለደብተርና እርሳስ 180፣ ለነጭ ኮላ 120፣ ለሱፐር ግሉ 60፣ በድምሩ 11,580 ብር ነው። ለከርሞ ሱፐር ግሉ የሚለው መደብ አይኖርም።

«ኦሮማይ»ን ከ27ቱ ውስጥ ከመቁጠሬ በፊት ግን አንድ ችግር ገጥሞኝ ነበር። ነሐሴ 23 ማታ ንባቡን ልቀጥል መጽሐፉን ሳነሣ ዕልባቱ ከተውኩት ቦታ 140 ገጽ ያህል ወደፊት ሄዶ አገኘሁት። አባቴ የሐኪሙን መነጽር ሳይጠብቁ ከመንገድ በገዙት ባለ 2.50 መነጽር፣ እኔ ሥራ ስውል፣ ለብቻቸው እያነበቡ ነበር። ቅር ብሎኝ «ታዲያ ለምን በሆድዎ ያነቡታል?» ብላቸው ከመጽሐፉ ቀና ሳይሉ ዝም እንድል በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። የቀረኝን ለብቻዬ እስከ ጳጉሜን 2 ጨረስኩ። ዛሬ ለአዲሱ ዓመት ዝግጅት ሁለት ዕልባት ገዝቻለሁ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ ነው፤ ሁለቱ 40 ብር፣ በ2018 ሒሳብ የሚያዝ።